ከጄኔሬተሩ እስከ ወጥ ቤቱ፦ የድሬዳዋ ጤና ተቋማት የካርቦን ልቀታቸውን የሚቀንሱበት መንገድ

ድሬ ውስጥ ሆስፒታል፣ ጤና ጣቢያ ወይም የግል ክሊኒክ ውስጥ የምትሠሩ ከሆነ ይህ ጽሑፍ ለእናንተ ነው። የግድ ኃላፊ መሆን የለባችሁም። የጥገና ባለሙያም ሁኑ ነርስ፣ የግዥ ሠራተኛም ሁኑ የወጥ ቤት ተቆጣጣሪ፣ ከሚከተሉት ውስጥ ነገ ጠዋት ልትጀምሩት የምትችሉት ነገር አታጡም። ሐረር ላላችሁም አብዛኛው ይሠራል። እናንተ ጋ አየሩ ቀዝቀዝ ስለሚል የኤሲው ክፍል ላይ ብዙ አትቆዩ።

እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ዓለም አቀፍ ጥናት የጤናው ዘርፍ ከዓለም የሙቀት አማቂ ጋዝ ልቀት 4.4 በመቶ ገደማ እንደሚይዝ አስልቷል። የምግብ ሥርዓቱ ደግሞ ከእርሻው እስከ ቆሻሻ መጣያው ሲደመር አንድ ሦስተኛ ገደማ ይደርሳል። የኢትዮጵያ ድርሻ እዚህ ውስጥ በጣም ትንሽ ነው። ታዲያ ለምን እኛ? ሁለት ምክንያት አለኝ። አንደኛ፣ አየሩ ሲዛባ መዘዙ እኛን አይምርም። የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው የወሰደበትን የ1998 ዓ.ም. ክረምት ድሬ አልረሳችም። ሁለተኛ፣ ከዚህ በታች ያለው አብዛኛው እርምጃ ገንዘብ ያድናል። ያላቃጠላችሁት ናፍጣ ያልገዛችሁት ናፍጣ ነው።

አንድ ነገር ግን ከመጀመሪያው እንግባባ። ስለ አረንጓዴ ሆስፒታል የሚጻፉ መመሪያዎች ብዙዎቹ «መብራት አጥፉ» ብለው ይጀምራሉ። ኤሌክትሪኩ ከድንጋይ ከሰል ወይም ከጋዝ በሚመጣበት አገር ያስኬዳል። የእኛ መብራት ግን ከ90 በመቶ በላይ የሚመነጨው ከውኃ ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብም ይህንኑ አጠናክሮታል። ስለዚህ ድሬ ላይ ካርቦኑን ቆጣሪው ላይ አትፈልጉት። የምናቃጥለው፣ የሚያፈስብን እና የምንደፋው ነገር ላይ ነው ያለው። እኛም በዚያው እንሂድ።

1. መጀመሪያ ደብተር ክፈቱ

አንድ ወር ሙሉ ምንም ሳትቀይሩ መዝግቡ ብቻ። ሰው ቶሎ ወደ ሥራ መግባት ይፈልጋል፣ ይገባኛል። ግን መነሻውን ያልያዘ ተቋም ከስድስት ወር በኋላ መቀነሱን ማሳየት አይችልም። ማሳየት ካልቻለ ደግሞ ለሶላር የሚሆን በጀት ማንም አይፈቅድለትም።

የሚመዘገበው ይሄ ነው፦ ጄኔሬተሩ የወሰደው ናፍጣ በሊትርና የሠራበት ሰዓት፣ አምቡላንሱና ሌሎች መኪኖች የቀዱት ነዳጅ፣ ወጥ ቤቱ የገዛው ከሰልና ማገዶ በኪሎ፣ ኤሲና ፍሪጅ ላይ የተሞላ ጋዝ በኪሎ፣ ቀዶ ሕክምና ክፍል ያለቀው የሰመመን መድኃኒት በጠርሙስ፣ ለማቃጠያ የሄደው ቢጫ ከረጢት በቁጥር፣ የተደፋው ምግብ በኪሎ። ከወሩ ግርጌ የታካሚውን ቁጥር ጻፉ። ታካሚ ሲበዛ ነዳጅም ስለሚጨምር፣ የምታወዳድሩት ለአንድ ታካሚ የደረሰውን ነው።

ስሌቱ ቀላል ነው። አንድ ሊትር ናፍጣ ሲቃጠል 2.7 ኪሎ ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል። ቤንዚን 2.3፣ አንድ ኪሎ የማብሰያ ጋዝ ደግሞ 3 ኪሎ ገደማ። ጄኔሬተራችሁ በወር 300 ሊትር ወሰደ እንበል። 810 ኪሎ ሆነ። ከሰል ላይ ስሌቱ ይከብዳል፤ ጉዳቱ የሚበዛው እናንተ ጋ ሲነድ ሳይሆን ጫካ ውስጥ ሲከስል ነውና። በባህላዊው መንገድ አንድ ኪሎ ከሰል ለማውጣት ከ5 ኪሎ በላይ እንጨት ይሄዳል። ለጊዜው ኪሎውን ብቻ ያዙ። ከሰልን በተመለከተ ግባችን ከወጥ ቤቱ ማስወጣት ነው።

ደብተሩን አንድ ሰው ይያዘው፣ ኮሚቴ አይያዘው። የኢንፌክሽን መከላከል ኮሚቴ ካላችሁ በወር አንዴ እዚያ ላይ ቁጥሩ ይነበብ። ለዚህ ተብሎ ሌላ ስብሰባ አትፍጠሩ።

2. ጄኔሬተሩን አሳንሱ

ጄኔሬተር ነዳጅ የሚያባክነው ሥራ ሲያንሰው ነው። በደህና ጭነት ሲሠራ ከአንድ ሊትር ናፍጣ 3 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ይሰጣል። ለመላው ግቢ ተብሎ የተገዛ ትልቅ ጄኔሬተር ሌሊት ሁለት ፍሪጅና ጥቂት አምፖል ብቻ ይዞ ሲያድር ግን ነዳጁ ይሄዳል፣ የሚሰጠው ኃይል ከዚያ በጣም ያንሳል። ከ30 በመቶ በታች ጭነት ላይ ለረጅም ሰዓት የቆየ ሞተር ያልተቃጠለ ነዳጅ ጭስ ማውጫው ውስጥ ያጠራቅማል፣ ጭሱ ይጠቁራል፣ ዕድሜውም ያጥራል።

የመጀመሪያው ሥራ የኤሌክትሪክ ባለሙያው ነው። መብራት በጠፋበት ሌሊት ጭነቱን በክላምፕ ሜትር ይለካ። ከዚያ ፈጽሞ መጥፋት የሌለባቸውን ለዩ፦ የኦክስጅን ማሽን፣ ማዋለጃ ክፍል፣ የጨቅላ ሕፃናት ማሞቂያ፣ ድንገተኛ ክፍል፣ የክትባትና የላብራቶሪ ፍሪጅ። የእነዚህን መስመር ከሌላው ነጥላችሁ ለብቻው ቦርድ ላይ አውጡት። ይህ ቦርድ ብቻውን ግማሽ ሥራ ነው። አነስተኛ ጄኔሬተር ሊሸከመው ይችላል። ቆይቶ ሶላር ሲመጣም የሚገጠመው እዚሁ ላይ ነው። መስመር ሳይለይ «ለሆስፒታሉ በሙሉ ሶላር» ተብሎ የሚጀመር ፕሮጀክት ዋጋው ሰማይ ይነካና እዚያው ወረቀት ላይ ይቀራል።

ሶላር ስታስገጥሙ የድሬን ሙቀት አትርሱ። ፓኔል ፀሐይ ይወዳል፣ ሙቀት ግን አይወድም። የራሱ ሙቀት ከ25 ዲግሪ ሲያልፍ ለእያንዳንዱ ዲግሪ ከኃይሉ 0.4 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ቆርቆሮ ላይ ተለጥፎ 60 ዲግሪ ከደረሰ 14 በመቶው ሄደ ማለት ነው። ስለዚህ ከጣሪያው ቢያንስ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ፣ ከሥሩ ነፋስ እንዲያልፍ ይገጠም። አቧራውን በማለዳ አጥቡ። እኩለ ቀን ላይ በጋለ መስታወት ላይ ቀዝቃዛ ውኃ መድፋት ሊሰነጥቀው ይችላል። ባትሪውን ደግሞ ጥላና ነፋስ ያለበት ክፍል አስቀምጡት። የክፍሉ ሙቀት ከ25 ዲግሪ በላይ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የሊድ አሲድ ባትሪ ዕድሜ በግማሽ ገደማ ያጥራል። በጠባብ የቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ ባትሪ ማስቀመጥ ገንዘብ መቅበር ነው።

ለክትባት ብቻ ከሆነ ባትሪ የማያስፈልገው፣ ፓኔሉ በቀጥታ የሚያንቀሳቅሰው ፍሪጅ አለ። ቀን ላይ በረዶ ይሠራል፣ ሌሊቱን በዚያ ያድራል። ጤና ኬላ ላይ ከዚህ የተሻለ ነገር አላውቅም።

3. ኤሲው ጋዝ አይበላም

እዚህ ላይ ዘርዘር ልበል፤ ድሬ ላይ ከሁሉ የሚበልጠው ድብቅ ልቀት ይሄ ይመስለኛል።

ሚያዝያ ሲገባና ሙቀቱ ሲብስ «ኤሲው አልቀዘቅዝ አለ፣ ጋዝ ይሞላ» ይባላል። ቴክኒሻን ይመጣል፣ ይሞላል፣ ሒሳቡን ተቀብሎ ይሄዳል። በዓመቱ እንደገና ያው ነው። ጋዙ ግን እንደ መኪና ነዳጅ እየተቃጠለ አያልቅም። ዝግ ቱቦ ውስጥ ነው የሚዞረው። ቀነሰ ማለት የሆነ ቦታ ያፈሳል ማለት ነው። የፈሰሰውም አየር ላይ ነው።

አር 22 የሚባለው ጋዝ በ100 ዓመት ሲሰላ ምድርን የማሞቅ አቅሙ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 1,800 ጊዜ ገደማ ይበልጣል። አር 410ኤ ደግሞ ከ2,000 ጊዜ በላይ። አንድ ኪሎ አር 410ኤ ማፍሰስ ከ750 ሊትር በላይ ናፍጣ እንደ ማቃጠል ነው። ከአንድ ኤሲ!

ስለዚህ ከመሙላቱ በፊት ቀዳዳው ይፈለግ። መጀመሪያ በዓይን ነው። የመዳብ ቱቦዎቹ ከውጪው ማሽን ጋር የሚጋጠሙበትን ቡሎን እዩ። ጋዙ ሲወጣ የኮምፕረሰሩን ዘይት አብሮ ይዞ ስለሚወጣ፣ አቧራ የለበሰ ቅባት የሚታይበት ቦታ ተጠርጣሪ ነው። ቀጥሎ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና በጥቂት ውኃ በጥብጣችሁ በስፖንጅ መጋጠሚያው ላይ ቀቡ። ትንሽ ታገሱ። አረፋው ቀስ እያለ ካበጠ ተገኘ። ካልተገኘ ቴክኒሻኑ ናይትሮጅን በግፊት ሞልቶ ይፈትሽ። ከተጠገነ በኋላ ቱቦው ውስጥ ያለው አየር በቫኪዩም ፓምፕ ይወጣል። ጋዙ የሚሞላው ማሽኑ ላይ በተለጠፈው ወረቀት ልክ፣ በሚዛን ተመዝኖ ነው። «ቱቦው እስኪቀዘቅዝ» እየተባለ በእጅ ዳሰሳ አይሞላም።

ይህን የጥገና ውላችሁ ውስጥ አስገቡ። «ቀዳዳው ሳይገኝ ጋዝ አይሞላም፤ አሮጌው ጋዝ ወደ ሲሊንደር ይሰብሰብ እንጂ አየር ላይ አይለቀቅ፤ የተሞላው በኪሎ ተጽፎ ይፈረም።» አንዳንድ ቴክኒሻን ያጉረመርማል። ዕቃውም ጊዜም ይጠይቃልና ለሥራው ተገቢውን ክፈሉት። ዋጋውን ብቻ አይታችሁ ርካሹን ከመረጣችሁ በዓመቱ እዚያው ናችሁ።

አዲስ ስትገዙ ጋዙን ጠይቁ። አር 32 የማሞቅ አቅሙ ወደ 675 ጊዜ ይወርዳል። ፍሪጅ ከሆነ አር 600ኤ የሚለውን ምረጡ፤ የሚያሞቀው ከቁጥር የማይገባ ነው። ብቻ አር 600ኤ እሳት ስለሚይዝ የሚጠግነው ሰው የሠለጠነ ይሁን።

ከዚህ ጎን ለጎን ኤሲው ራሱ እንዲያርፍ አድርጉ። ጣሪያውን ነጭ ቀቡ። ከሰዓት ፀሐይ በሚመታው በምዕራብ በኩል ዛፍ ትከሉ፤ ከዚራ ሰፈር ውስጥ በጥላው ሥር የተራመደ ሰው ዛፍ ምን እንደሚሠራ ያውቀዋል። የድሬ አቧራ ፊልትሩን ቶሎ ስለሚደፍነው በየሁለት ሳምንቱ ይታጠብ። ኤሲውን 25 ላይ አድርጋችሁ ቬንቲሌተር ብትጨምሩበት ለቢሮና ለመጠባበቂያ ክፍል ይበቃል።

4. ቀዶ ሕክምና ክፍልና የአስም ፓፍ

የሰመመን ጋዞች ከሰውነት ሲወጡ እምብዛም አልተለወጡም። በሽተኛው የተነፈሰው ከሞላ ጎደል እንዳለ ወደ ውጭ ይሄዳል። አይሶፍሉሬን የተባለው ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 500 ጊዜ ገደማ ያሞቃል። 250 ሚሊ ሊትር የሚይዘው አንድ ጠርሙስ ብቻውን 70 ሊትር ናፍጣ ገደማ ነው። ሴቮፍሉሬን ከዚህ በብዙ ያንሳል። ዴስፍሉሬን ግን 2,500 ጊዜ ያልፋል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ2026 መጀመሪያ ጀምሮ የግድ የሚል የሕክምና ምክንያት ከሌለ በስተቀር እንዳይጠቀሙበት ከልክሏል። እዚያ ሥራ የፈታ ማሽን በእርዳታ ስም ወደ እኛ ሊመጣ ይችላል። የዴስፍሉሬን መስጫ የተገጠመለት ማሽን ከቀረበላችሁ በአክብሮት «ይቅርብን» በሉ።

ምርጫው የሰመመን ባለሙያው ነው፣ የበሽተኛው ደህንነትም ይቀድማል። ግን ሦስት ነገር ጠይቁት። ሶዳ ላይሙ (ካርቦን ዳይኦክሳይዱን የሚመጥጠው ኬሚካል) በጊዜው እየተቀየረ፣ የጋዝ መቆጣጠሪያ መሣሪያም ካለ፣ የጋዙን ፍሰት ዝቅ አድርጎ መሥራት ይቻላል? በወገብ መርፌ ሊሠራ የሚችል ቀዶ ሕክምና በጋዝ እየተሠራ ነው? በቀዶ ሕክምናዎች መካከል ማሽኑ ክፍት ሆኖ ይቀራል? የመጨረሻው በነፃ የሚስተካከል ነው።

ፓፉም ጋዝ አለው። መድኃኒቱን የሚገፋው ጋዝ ከ1,300 ጊዜ በላይ ያሞቃል። አንድ የሳልቡታሞል ፓፍ እንደ አሠራሩ ከ10 እስከ 28 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያህል ይሆናል። ይህን ሰምቶ ፓፉን የሚተው አስመኛ እንዳይኖር። መድኃኒት ነው፣ ይወሰድ። የሚያሳዝነው ጉሮሮ ላይ የሚቀረው ነው። ያለ ስፔሰር (በፓፉና በአፍ መካከል የሚገባ ባዶ ዕቃ) ከተነፋው አብዛኛው አፍና ጉሮሮ ላይ ያርፋል፣ ሰውየውም ደግሞ ደጋግሞ ይነፋል። ስፔሰር ከሌለ በ500 ሚሊ ሊትር የውኃ ላስቲክ ሊሠራ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1999 ከኬፕ ታውን የታተመ ጥናት አስም በተነሣባቸው ልጆች ላይ ሞክሮት ከሚገዛው ጋር በውጤት ተቀራራቢ ሆኖ አግኝቶታል። አሠራሩ ይህ ነው። ላስቲኩን በዕቃ ሳሙና እጠቡና ሳታለቀልቁ ነፋስ ያድርቀው፤ ሳሙናው መድኃኒቱ ግድግዳው ላይ እንዳይጣበቅ ይረዳል። ቂጡ ላይ በፓፉ አፍ ልክ ቅደዱት። ፓፉን አስገብታችሁ ዙሪያውን በፕላስተር አሽጉ። ልጁ የላስቲኩን አንገት በከንፈሩ ገጥሞ፣ እናንተ አንዴ ስትነፉ አራት አምስት ጊዜ በቀስታ ይተንፍስ።

5. ጓንትና ቢጫው ከረጢት

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከጤና ተቋም ከሚወጣው ቆሻሻ 85 በመቶ ገደማው ከቤት ቆሻሻ አይለይም። ወረቀት፣ ካርቶን፣ የምግብ ትርፍ ነው። ይሄ ሁሉ ቢጫው ከረጢት ውስጥ ሲገባ ኢንሲኔሬተር ይሄዳል፣ በነዳጅ ይቃጠላል። ጥቁሩን ቅርጫት ከቢጫው አጠገብ፣ እኩል ቅርበት ላይ አስቀምጡት። ሰው ሩቅ ያለ ቅርጫት አይፈልግም። መርፌ ያው ሴፍቲ ቦክስ ውስጥ ነው፣ እዚህ ላይ ቀልድ የለም።

ጓንት ላይ፦ ደም ወይም የሰውነት ፈሳሽ በማይነካበት ሥራ፣ ለምሳሌ የደም ግፊት ሲለካ፣ ታካሚ ሲመዘገብ፣ እንክብል ሲታደል፣ እጅን መታጠብ ይበቃል። የለንደኑ ግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ይህን እ.ኤ.አ. በ2018 አስተምሮ በአንድ ዓመት 21 ቶን ፕላስቲክ ቀንሷል። እንክብል መዋጥ የሚችል ታካሚ በመርፌ ወይም በግሉኮስ መስመር መድኃኒት ሲሰጠው ላስቲኩ፣ መርፌው፣ ከረጢቱ ሁሉ ይጨመራል። ብዙ ታካሚ «መርፌ ካልተወጋሁ አልታከምኩም» ይላል። ረጋ ብሎ ማስረዳት የሐኪሙ ሥራ ነው።

6. ወጥ ቤት

እውነቱን ለመናገር ሰው ስለ ጤና ተቋም ሲያስብ ወጥ ቤቱን ይረሳዋል። እኔ ብጠየቅ ከጄኔሬተሩ ቀጥሎ እዚህ ነበር የምሄደው።

ከሚደፋው እንጀምር። በተባበሩት መንግሥታት ግምት እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም ላይ ለተጠቃሚ ከቀረበው ምግብ 19 በመቶው ተጥሏል። የእኛ ሆስፒታሎች ምክንያት ግን የራሳቸው ነው። ወጥ ቤቱ የሚያበስለው በአልጋ ቁጥር ነው። ግን የብዙው ታማሚ ቤተሰብ ምሳ ዕቃውን ይዞ ይመጣል። ረቡዕና ዓርብ እንቁላሉ ይመለሳል። በረመዳን ደግሞ ታማሚ ከጾም ነፃ ነው ቢባልም የሚጾም አይጠፋም፣ ምሳው እንደተከደነ ይመለሳል። ይህ ሁሉ ከማታው ሊታወቅ የሚችል ነገር ነው።

የማታ ተረኛ ነርስ በየአልጋው ሦስት ነገር ትጠይቅ፦ ነገ ከወጥ ቤቱ ይበላሉ? ይጾማሉ? ምግብ የሚያመጣልዎ አለ? ቁጥሩ ምሽት 2 ሰዓት ላይ ወጥ ቤት ይድረስ። ወጥ ቤቱም በዚያ ቁጥር ላይ ለድንገተኛ ገቢ ጥቂት ጨምሮ ያብስል።

የተረፈውን ስትመዝኑ ለሁለት ክፈሉት፤ ድስት ውስጥ የቀረውን ለብቻ፣ ከሳህን የተመለሰውን ለብቻ። የድስቱ ከበዛ ቆጠራው ተሳስቷል። የሳህኑ ከበዛ ምግቡ አልጣፈጠም፣ ወይም ለአንድ በሽተኛ በዝቷል። መፍትሔያቸው ስለማይገናኝ አትደባልቋቸው። ሳህን ያልነካው እንጀራ በድሬ ፀሐይ ቶሎ ድርቆሽ ይሆናል። ከሳህን የተመለሰ ግን ለሰውም ለእንስሳም አይሰጥ፣ ለኮምፖስት ይሂድ።

እሳቱ ጋ ስንመጣ፣ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3.5 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይወስዳል። መብራቱ ከውኃ ስለሆነ ጥሩ ምርጫ ነው። አንድ ጊዜ ከጋለ ሳታቋርጡ የቀኑን በሙሉ ጋግሩ፤ ሦስት ጊዜ ማጋል ሦስት ጊዜ ማባከን ነው። በጄኔሬተር ግን እንጀራ አትጋግሩ። መብራት እየጠፋ ካስቸገረ ምርጥ የሚባለውን የተሻሻለ የእንጀራ ምድጃ በመጠባበቂያ ያዙ፤ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶውን በግማሽ ገደማ ይቀንሳል፣ ጭሱም ከጋጋሪዋ ሳንባ ይርቃል። እንጀራ ከውጭ የምትገዙ ከሆነ አቅራቢዋ በምን እንደምትጋግር ጠይቁ። በኤሌክትሪክ ለምትጋግር ረዘም ያለ ውል ስጡ፣ ምጣዱን የምትገዛው ያኔ ነው። ባቄላ፣ ሽንብራና ቦሎቄ ማታ ተዘፍዝፈው ይደሩ። የተዘፈዘፈ እህል በክዳን ድስት ወይም በፕሬዠር ሲበስል የሚፈጀው ጉልበት በጣም ይወርዳል።

ሥጋ ላይ በጥንቃቄ ልናገር። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ሰፊ ዓለም አቀፍ ጥናት አንድ ኪሎ የበሬ ሥጋ በአማካይ 60 ኪሎ ያህል፣ አንድ ኪሎ አተር ግን 1 ኪሎ ያህል ልቀት እንዳለው አሳይቷል። ይህ ማለት ከታማሚ ሳህን ሥጋ ይነሣ ማለት አይደለም። በምግብ እጥረት የተጎዳ ልጅ፣ የወለደች እናት፣ የተቃጠለ ሰው፣ የቲቢ ታማሚ እንቁላሉንም ወተቱንም ሥጋውንም ያግኝ። የእኛ ሰው ሥጋ የሚበላው ድሮም ትንሽ ነው። መቀነስ የሚቻለው ሌላ ቦታ ነው። የሠራተኛ ክበቡንና የስልጠናውን ምሳ ተመልከቱ። ስልጠና በተባለ ቁጥር ጥብስና ክትፎ የግድ ነው ያለው ማነው? የድሬን ፉል፣ ጥሩ ሽሮ፣ ምስር ወጥና ሰላጣ ያቀረበ አዘጋጅ እንግዳውን አላዋረደም።

የአትክልቱን ብልሽት ደግሞ ከግዥው ጀምራችሁ ያዙት። ቀፊራ ገበያ በማለዳ ግዙ፣ በየሁለት ቀኑ በጥቂቱ። ቲማቲም በማዳበሪያ ከረጢት ታስሮ ባጃጅ ላይ ሲጫን ግማሹ ሳይደርስ ይጨፈለቃል። ሳጥን ይዛችሁ ሂዱ። ለማቆያ የሸክላ ማቀዝቀዣ ሥሩ። ትልቅ ሸክላ ውስጥ ትንሽ ሸክላ አስገቡ፣ መሀላቸውን በአሸዋ ሙሉ፣ አሸዋውን ጠዋትና ማታ አርጥቡ፣ በእርጥብ ጨርቅ ክደኑ፣ ነፋስ ባለበት ጥላ አስቀምጡ። ውኃው ሲተን ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል። ደረቅ አየር ላይ በደንብ የሚሠራ ዘዴ ስለሆነ የድሬ በጋ ይስማማዋል። ለቲማቲም፣ ለካሮት፣ ለቃሪያና ለጎመን ነው። ሽንኩርት አይግባ፣ ይበሰብሳል። ሥጋ፣ ወተትና መድኃኒት ፍሪጅ ይፈልጋሉ።

7. ገራባውና ልጣጩ

ምግብ ታፍኖ ሲበሰብስ ሚቴን ያወጣል። ሚቴን በ20 ዓመት ሲሰላ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 80 ጊዜ ገደማ ያሞቃል። አየር ካገኘ ግን ወደ ኮምፖስት ይለወጣል። ድሬ ላይ ደረቅ ግብዓት አይቸግርም፤ ገራባ (የጫት ትርፍ) በየበሩ ነው። ፍየሎቹ ቅጠሉን ሲወስዱ እንጨቱ ይቀራል። ሰብራችሁ ከደረቅ ቅጠልና ከካርቶን ጋር ደባልቁ። ሁለት እጅ ደረቅ፣ አንድ እጅ የወጥ ቤት ትርፍ። ፌስታል አስቀድማችሁ ልቀሙ። ክምሩ ጥላ ውስጥ ይሁንና በሳምንት አንዴ ይገልበጥ። በእጅ ሲጨመቅ ጠብ ሳይል እጅን የሚያረጥብ ከሆነ ልኩ ነው። በድሬ ሙቀት ቶሎ ስለሚደርቅ ብዙውን ጊዜ ውኃ መጨመር ነው የሚያስፈልገው። ጫት ላይ ኬሚካል ስለሚረጭ ይህን ኮምፖስት ለጥላ ዛፎቹ አድርጉት፣ ለጎመን መደብ አትጠቀሙበት።

8. ውኃውን ክደኑ

ያልታመመ ሰው አምቡላንስም፣ ግሉኮስም፣ አልጋም አይፈልግም። ድሬ እ.ኤ.አ. በ2013 ደንጊ፣ በ2019 ቺኩንጉንያ የተባሉ በትንኝ የሚተላለፉ በሽታዎች ገብተውባታል። በ2022 ደግሞ በደረቁ ወራት ጭምር የወባ ወረርሽኝ ተነሣ። በወረርሽኙ ላይ የተደረገው ጥናት ያገኘው አኖፊለስ ስቴፈንሲ የተባለችውን ትንኝ ነው። ከሌሎቹ የወባ ትንኞች የምትለየው ሰው ባጠራቀመው ንጹሕ ውኃ ውስጥ፣ ከተማ መሀል መራባቷ ነው። በርሜል፣ ሮቶ፣ የግንባታ ገንዳ ይበቃታል።

ከራሳችሁ ግቢ ጀምሩ። የጥበቃና የፅዳት ሠራተኞች በየሳምንቱ በተወሰነ ቀን አብረው ይዙሩ። በርሜል ሁሉ ገጣሚ ክዳን ይኑረው፣ ክዳን ከሌለው በወንፊት ጨርቅ በጎማ ይታሰር። የሮቶው አናትና የትርፍ ውኃ መውጫው በወንፊት ይሸፈን። መክደን የማይቻለው ዕቃ በሳምንት አንዴ ይደፋና ውስጡ በብሩሽ ይፈተግ፤ ከእንቁላል እስከ ትንኝ ለመድረስ ከሳምንት ትንሽ የሚበልጥ ጊዜ ስለሚበቃ ከዚያ ማሳለፍ አይቻልም። ከኤሲው ሥር ጠብታ የሚጠራቀምበትን ባልዲ በየቀኑ ድፉት። ውኃው ለወለል መወልወያና ለዛፎቹ ይሆናል።